«ረጋ»፣ «ፈሰሰ»፣ «ቀጠነ»፤ በስትሮክ ሕክምና የሚነገሩ ሦስት ግሦች ታሪክ

ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የቦሰትን ተራራ አጠገቧ አድርጋ የምትገኘው ወለንጪቲ በቃላት ጥናት ስሟ የሚነሣ ከተማ አይደለችም። በጥንቱ የጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ጣቢያ የነበራት፣ ዛሬም የቦሰት ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት የሚነገሩባት ናት። ይህ ጽሑፍ መነሻውን ከዚያ ያደረገው፣ አቅራቢው የተረጐመው አንድ ዓረፍተ ነገር ፈተናውን የወደቀው በዚያች ከተማ ስለ ነበረ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶባቸው ግማሽ ጎናቸው ለማይታዘዝ ሕሙማንና በቤት ለሚያስታምሟቸው ቤተ ሰቦች የሚሰጥ ባለ ሁለት ገጽ መምሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። ተርጓሚው ይኸው ጸሐፊ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ያደርጋል» የሚል ሰፍሯል። በሁለተኛው ገጽ ደግሞ ስለ ድድና ስለ አፍንጫ መድማት ሲያስጠነቅቅ «ደሙ ካልረጋ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይሂዱ» ይላል። ባለቤታቸውን ከስድስት ወር በላይ ያስታመሙ አንዲት የወለንጪቲ እናት፣ ልጃቸው ወረቀቱን ሲያነብላቸው አዳምጠው ሲያበቁ ወደ ተርጓሚው ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ መድኃኒቱ የሚሰጠው ደሙ እንዳይረጋ ከሆነ፣ ደሙ ካልረጋ ኑ ማለታችሁ ምንድን ነው? ካልረጋማ መድኃኒቱ ሠራ ማለት አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። በዚያ ሰዓት በቂ መልስ አልተገኘም። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛነታቸው እንከን የለባቸውም፤ እርማት የሚያሻው የቃል አመራረጣችን ነበር።

ጥያቄው የተርጓሚን ጭንቀት ብቻ የሚያስነሣ እንዳይመስል፣ ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ስትሮክ የሚባለው ለአንጎል የሚደርሰው ደም በድንገት ሲስተጓጐል የሚከሠት ጉዳት ሲሆን፣ መንገዱ ሁለት ነው፤ ደም ሥሩ ይዘጋል፣ ወይም ይፈነዳል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ግምት መሠረት፣ በዓመቱ ከደረሱት አዳዲስ ስትሮኮች 62 ከመቶ ያህሉ ከመዘጋት፣ የቀሩት 38 ከመቶ ያህሉ ከደም መፍሰስ የመጡ ናቸው። በአገራችን ሆስፒታሎች የተካሄዱ ጥናቶች የደም መፍሰሱ ድርሻ ከበለጸጉት አገሮች ከፍ ያለ መሆኑን ያሳያሉ። ሁለቱ ሕመሞች በውጭ ምልክታቸው መንትያ፣ በሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ናቸው። ደም ሥሩ የተዘጋበት ሰው ሁለተኛ እንዳይዘጋበት የደምን መያያዝ የሚከላከል መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ደም የፈሰሰበት ሰው በዚያው ወቅት ያንኑ መድኃኒት ቢወስድ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም በላይ፣ በመዘጋት የታመመው ሰው ራሱ በማገገሚያው ወራት ወደ ሁለተኛው ሊሻገር ይችላል። ደም ያጣው የአንጎል ክፍል የደም ሥሮቹ ግድግዳ ስለሚላላ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ሥፍራው ሊደማ ይችላል፤ መድኃኒቱም በየዕለቱ ሲወሰድ በሆድ፣ በሽንት መንገድ፣ በቆዳ ሥር፣ አልፎ አልፎም በአንጎል ውስጥ ደም እንዲፈስ ምክንያት ይሆናል።

መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተሙትና በድምሩ ወደ 40,000 የሚጠጉ ሕሙማን የተካፈሉባቸው ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች ውጤት ይጠቀሳል። አስፒሪን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሺህ ሕሙማን 9 ያህሉን ከሞት ወይም ከዳግም ስትሮክ ሲጠብቅ፣ ከሺህ 2 ያህሉን ደግሞ በአንጎል ደም መፍሰስ ጐድቷል። ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ጉዳቱ ግን አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራ ስትሮክ ወይም የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ምልክት የደረሰባቸውን ሰዎች ለ18 ወራት ሲከታተል፣ ክሎፒዶግሬል ለብቻው ከወሰዱት ሕይወትን የሚያሰጋ ደም መፍሰስ የደረሰባቸው 1.3 ከመቶ፣ አስፒሪን ከተጨመረላቸው ግን 2.6 ከመቶ ሆነው ተገኝተዋል። አሥራ ስምንት ወር ሆስፒታል የሚተኛ ሰው የለም። ይህ ዘመን የሚያልፈው በቤት ነው፤ ድዱ መድማቱን፣ ሰገራው መጥቆሩን፣ ክንዱ መበለዙን አስቀድሞ የሚያየውም አስታማሚው ነው። እንግዲህ ወረቀቱ ለእርሱ ካልገባው ለማንም አልገባም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። የበሽታው ስም በብዙ ቋንቋ ከመምታት የወጣ ነው። የግሪኩ «አፖፕሌክሲያ» መትቶ መጣልን፣ የላቲኑ «ኢክቱስ» ምትን፣ የእንግሊዝኛው «ስትሮክ»ም እንዲሁ ምትን ያመለክታሉ። ዐረብኛ መንገዱን ለወጥ አድርጎ፣ ዝም ማለትን ከሚያመለክተው ሥር «ሰክታ» ይለዋል፤ አንደበቱ የተያዘን ሕመምተኛ ያየ ሰው ስያሜው እንዴት ልክ እንደሆነ አይጠፋውም። አማርኛ ከመምታቱ ወገን ነው። «ምች» ከ«መታ» የወጣ ስም ነው፤ «መጋኛ መታው»፣ «ብርድ መታው»፣ «ነፋስ መታው» የሚሉት አነጋገሮችም፣ በድንገት የሚጥል ሕመም ከውጭ የመጣ መቺ እንዳለው የሚያስቡ ናቸው። ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሰው ሲታይ የሚነገሩትም እነዚሁ ናቸው።

በዚህ የተነሣ አንዳንድ ጸሐፊዎች «የአንጎል ምት» የሚል ስያሜ ለስትሮክ ሲያቀርቡ ሐሳቡ ከቋንቋው ጠባይ የራቀ አልነበረም። ዳሩ ግን ሁለት እንቅፋት ገጠመው። አንደኛው ያው «ምች» ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ የሚድን ሕመም በሚጠራበት ቃል ቤት ውስጥ ሆኖ ስለ አንጎል ደም ሥር መናገር ሰሚውን ወደ ጓሮ እንጂ ወደ ሆስፒታል አይመራውም። ሁለተኛውና የከፋው «የልብ ምት» ነው። የልብ ምት በሽታ አይደለም፤ መኖር ነው። የልብ ምቱ ደኅና ነው እየተባለ የአንጎል ምት ያዘው ቢባል፣ አንዱ ምት ጤና ሌላው ምት ደዌ የሚሆንበትን ምክንያት ለማስረዳት የግርጌ ማስታወሻ ያሻል። ለዚህም ይመስላል «ስትሮክ» የሚለው ባዕድ ቃል ያለ ተከራካሪ የጸናው። ጸሐፊው ቃሉን ለመንቀል ምክንያት አያይም። የአገርን ቃል የምናስቀድመው ነገሩን ሲያበራልን ነው፤ ሲያጨልምብን አይደለም።

ከስትሮክ በፊት የነበረው የተለመደ ስም «ሽባ» ነው፤ በግእዙ ወገን ደግሞ ከዐቢይ ጾም እሑዶች አንዱ የተሰየመበት «መፃጉዕ» አለ። ሁለቱም የሚናገሩት ከሕመሙ በኋላ ስለ ቀረው ሰው እንጂ ስለ ሕመሙ ምክንያት አይደለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥሩ ይኖራሉ። ነገር ግን ምክንያቱን የሚለይ ቃል እንዲኖር አስቀድሞ ምክንያቱን የሚለይ ዓይን ሊኖር ይገባል። በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ከዚህ በሽታ ጋር መያያዙን የስዊሱ ሐኪም ዮሐን ያኮብ ቬፕፈር በ1658 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው የሞቱ ሰዎችን ራስ ቅል ከፍቶ ነው። የመዘጋቱን መንገድ የሚገልጹትን ዋና ዋና ቃላት ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ በ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ነው። በሕይወት ያለን ሰው አንጎል በራጅ ቁራጭ በቁራጭ የሚያሳየው መሣሪያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የተሞከረው ጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በለንደን ነው። ይህም በእኛ አቈጣጠር መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ መርሐ ልሳን መቋቋሙ ግጥምጥም ቢሆንም፣ ለቃላት ታሪክ ጸሐፊ የሚመች ግጥምጥም ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የተዘጋውን ከፈሰሰው በዓይን ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ በሐኪሞች እጅ አልነበረም። ከመዝገቦቹ ልዩነቱን መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

በታሪካችን ከታወቁት የስትሮክ ሕሙማን የመጀመሪያው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ሕመሙ ከ1898 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ ጐበኛቸው፤ በጥቅምት ወር 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባዱ ምት ሰውነታቸውን አሰረ፣ ከመንግሥት ሥራም አወጣቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ድረስ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ኖሩ። የአውሮፓ ሐኪሞች በአጠገባቸው ነበሩ፤ ቢሆንም በበርሊንም ሆነ በፓሪስ የተዘጋውን ከፈሰሰው በሕይወት ሳለ አረጋግጦ የሚለይ ጥበብ ገና አልተገኘም ነበርና፣ የሐኪሞቹ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ከቤተ መንግሥቱ አማርኛ በዚህ ረገድ ብዙ የሚሻል አልነበረም። እነዚያን አራት ዓመታት ጸሐፊው የሚያነሣው ለሌላ ምክንያት ነው። ረጅም ማስታመም፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ዛሬ ሐኪሞች በአንድ ቃል የሚጠሩት ሥራ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ሥራው ነበረ፤ ስሙ ግን አልነበረም።

የማየቱ ጥበብ ወደ አገራችን ከገባ በኋላም ቢሆን መሣሪያው በየወረዳው የሚገኝ አይደለም፤ በሰው አንደበት ሁለቱ ስትሮኮች አንድ ሆነው የቀሩበት ምክንያት ይኸው ነው። የቀሩትም በተሳሳተው ስም ሥር ነው። «ስትሮክ ምንድን ነው?» ቢባል፣ ብዙው ሰው «ጭንቅላት ውስጥ ደም ሲፈስ ነው» ይላል። የወለንጪቲዋ እናትም የባለቤታቸውን ሕመም የገለጹት «ደም ፈስሶበት ነው» በማለት ነበር፤ የሕክምና ወረቀታቸው ግን ደም ሥር መዘጋቱን ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው፣ «መድኃኒቱ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲነበብለት ምን ሊገባው እንደሚችል አንባቢ ይመልከት፤ በሽታው ደም መፍሰስ፣ የመድኃኒቱ ጉዳት ደም መፍሰስ። ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ መድኃኒቱን ይጥለዋል፣ ወይም ማስጠንቀቂያውን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል።

«ረጋ» ከሦስቱ ግሦች እጅግ የከበረውና እጅግ አስቸጋሪው ነው። ሥሩ የግእዙ «ረግዐ» ሲሆን፣ ፈሳሽ ነገር መያያዙን፣ መጽናቱንም ጸጥ ማለቱንም ያመለክታል። አማርኛ ሁሉንም ወርሷል። ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ ውኃ ሲረጋ ይጠራል፤ ሰው ሲረጋ ጨዋ ይሆናል፤ አገር ሲረጋጋ ሰላም ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ መርጋት መልካም ነው። የሆስፒታሉ አማርኛም ይህንኑ ተከትሎ፣ አደጋውን ያለፈውን ሕመምተኛ «ተረጋግቷል» ይለዋል። ደም ሲሆን ግን ቃሉ ሁለት ፊት ያወጣል። ከቍስል የሚወርደው ደም ረጋ ከተባለ ተመስገን የሚያሰኝ ነው፤ በደም ሥር ውስጥ ደም ረጋ ከተባለ ግን መርዶ ነው። ወለንጪቲ ላይ ተርጓሚውን ያሳፈረው ይህ ነው። በመጀመሪያው ገጽ መርዶውን፣ በሁለተኛው ገጽ ተመስገኑን በአንድ ግሥ ጽፎ ነበር።

የቃሉ ጓደኛ በጎረቤት ቋንቋ መገኘቱ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። በኦሮምኛ የረጋ ወተት «ኢቲቱ» ይባላል፤ ደም ሲያያዝም ግሡ ከዚያው ሥር ነው። ደም «ዺጋ» ነው፤ ዺጋው እንደ ወተቱ «ይኢቲታል» እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ለደም መያያዝ ቃል ሲሹ ሁለቱም ወደ ወተት ቅል ሄዱ። ከብት የሚያረባ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ አያስገርምም፤ ነገር ግን ከአማርኛው መምሪያ ወደ ኦሮምኛ የሚመልስ ሰው ያንኑ ድንግርግር ሳያስበው ይዞት ሊሻገር ይችላል ማለትም ነው። በወለንጪቲ ያለ ተርጓሚ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ይኖርበታል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አማርኛ «ጓጎለ» የሚል ግሥ አለው። በሶው ጓጎለ፣ ገንፎው ጓጎለ ይባላል፤ ለስላሳ መሆን የሚገባው ነገር ጓል ሲሠራ የሚነገር ስለሆነ መልካም ፊት የለውም። «የደም ጓል» ማለትም በሴቶች አነጋገር የኖረ ነው። ስለዚህ በደም ሥር ውስጥ ለሚሆነው «መጓጎል»፣ ከቍስል የሚወርደው ሲያበቃ ደግሞ «መቆም» ቢባል፣ ሁለቱ ነገሮች ሁለት ስም ያገኛሉ። «ረጋ» ደግሞ ወደ ወተቱና ወደ ጨዋው ሰው ይመለስ።

ስለ «ቀጠነ» የምንለው ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም ይህኛው ከእኛ አልመጣም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የሻገተ የክሎቨር ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ከጥቂት ጭረት የተነሣ ሳያቋርጡ እየደሙ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ከድርቆሹ ውስጥ የደምን መያያዝ የሚያግደውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ከእርሱ የተገኘው ተከታይ ውሁድ በ1948 እ.ኤ.አ. ለአይጥ መርዝነት ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ፤ በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ሕመም ሲደርስባቸው ወሰዱት። «ዋርፋሪን» የሚለው ስም ምርምሩን የደገፈው የዊስኮንሲን የምሩቃን የምርምር ድርጅት ስም መነሻ ፊደላት ላይ የተቀጠለ ነው። ስሙ ስለ ደም ምንም አይናገርም ማለት ነው። በአንጻሩ ሥራውን የሚቃወመው ቪታሚን «ኬ» መጠሪያው ከመጓጎል የመጣ ነው፤ የዴንማርኩ ሄንሪክ ዳም በ1935 እ.ኤ.አ. ፊደሉን የወሰደው በጀርመንኛና በስካንዲናቪያ ቋንቋዎች መጓጎል ከሚጠራበት ቃል መጀመሪያ ነው። ይህ ቪታሚን በጎመን ውስጥ በብዛት ይገኛል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የጎመኑን ልክ በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ የመድኃኒቱ ኃይል የሚዛባው ስለዚህ ነው። ልኩን ለመለካት የዓለም የጤና ድርጅት በ1983 እ.ኤ.አ. ያጸናው ዘዴ «አይ ኤን አር» ይባላል፤ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እንዲቆይ ይፈለጋል። ከዚያ በላይ ሲወጣ የመድማቱ ሥጋት ይጨምራል።

እነዚህን መድኃኒቶች የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕዝብ በተለምዶ የሚጠራቸው ደምን ያቀጥናሉ በሚል ስም ነው። ሐሳቡ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቶቹ የደሙን ውፍረት አይለውጡም፣ የመያያዙን ሂደት ያዘገያሉ እንጂ። ተርጓሚዎቻችን ይህን ስሕተት ከነልብሱ አስገብተው «ደም ማቅጠኛ» አሉት። በእንግሊዝኛ ስሕተቱ ብዙ አልጎዳም ይሆናል፤ በአማርኛ ግን «ቀጠነ» የራሱ ታሪክ አለው። ወጥ የሚቀጥነው ውኃ ሲበዛበት ነው፤ ጠላ የሚቀጥነው ኃይሉ ሲጎድል ነው፤ ሰው የሚቀጥነው ሲከሳ ነው። ቀጠነ የተባለ ነገር ሁሉ አንዳች ነገር ጎድሎታል። ከሽባነት ለማገገም የሚጣጣር ሰው ደሙ እንዲቀጥን መድኃኒት ታዘዘለት ሲባል፣ ቤተ ሰቡ የሚሰማው ድካም ነው፤ «ደም ማነስ» ከሚባለው ሕመም ጋር ያገናኘዋል፤ ደም ይተካል የተባለውን ሁሉ ማብላትም ይከተላል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ደም ሥሩ ዳግመኛ ሊዘጋ ይችላል። አንድ ቅጽል ይህን ያህል መዘዝ አለው ማለት የተጋነነ ቢመስልም፣ የሚያስታምም ሰው ከቃሉ በቀር የሚመራበት ነገር እንደሌለው አይዘንጋ።

«ፀረ» የሚለው የግእዝ ቃል፣ ጠላት ከሚለው «ፀር» የወጣው፣ ከአብዮቱ ዘመን ጀምሮ በአደባባይ አማርኛ ውስጥ ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ፀረ ተባይ፣ ፀረ ሰላም፣ ፀረ አብዮት ስንል ኖረናል። «ፀረ ጓል መድኃኒት» ብንል ከዚህ ዘር አንድ ተጨማሪ ልጅ ይሆናል። ገበሬ ሰምቶ ስለ ማሳው ጓል ያስብ እንደሆን እንጃ፤ ያም ቢሆን ከ«ማቅጠኛ» ይሻላል፤ የጓል ጠላት ምን እንደሚሠራ ገበሬ ያውቃልና።

የመድማት ቃላትን በተመለከተ አማርኛ ድኻ አይደለም። ተርጓሚዎች «ደም መፍሰስ» የሚለውን አንድ ሐረግ ለሁሉም ስናዳርስ ቋንቋው ቃል ያጣ አስመሰልነው። ከአፍንጫ ሲሆን ነስር ነው። ከድድ ሲሆን ድዱ ደማ ይባላል። ከቆዳ በታች ሲጠራቀም ደም ቋጠረ ይባላል፤ ሐኪሞች ረጅም የግሪክ ቃል የሚያወጡለት እብጠት ከዚህ የተለየ አይደለም። ቆዳው ቀለሙን ሲለውጥ በለዘ ነው። ከሆድ ወደ ላይ ሲመጣ ደም አስመለሰ፣ ትውከቱ የቡና አተላ መሰለ እንላለን፤ እንግሊዝኛውም ቡናውን ይጠቅሳልና በዚህ ቦታ ተርጓሚው ያለ ድካም ያልፋል። ወደ ታች ሲሄድ ሰገራው ጠቁሮ ሬንጅ ይመስላል። እንግሊዝኛው የሚጠቅሰውን ዝፍት የማያውቅ ሰው ሬንጅን ያውቃል፤ ወለንጪቲ በአውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በእነዚህ ፈንታ «የጨጓራና የአንጀት ደም መፍሰስ» ብሎ መጻፍ ሐኪምን ያረካል፤ ሰገራውን የምታየው ልጅ ግን ያየችውን ከወረቀቱ ጋር አታገናኘውም።

ከዚህ ጋር አብሮ መነሣት ያለበት፣ መምሪያዎች ዝም የሚሉት፣ የአገር ቤት ሕክምና ነው። የማይታዘዝ ክንድ ያለው ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ይታሻል። ራሱ የከበደው ሰው ዋግምት ይታገማል። ከወለንጪቲ አዳማ፣ ከአዳማ ሶደሬ ወርዶ በፍል ውኃው መታጠብና መታሸት ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የቆየ ተስፋ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ በፍል ውኃ ዙሪያ የተቈረቈረች ከተማ መሆኗን ያስታወሰ ሰው ይህን አይንቅም። ውኃው በራሱ ደም አያፈስም። ነገር ግን ፀረ ጓል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዋግምት ሲታገም ደሙ ለመቆም ይዘገያል፣ ክንዱ በኃይል ሲታሽ ደም ይቋጥራል፣ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌም እንዲሁ ያደርገዋል። ለታመመው ትከሻ ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ደግሞ ከአስፒሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲገናኝ ጨጓራን ያደማል። የእንግሊዝኛው ምንጭ ስለ ዋግምት ምንም አይልም፤ ለእነማን እንደ ተጻፈ የታወቀ ነው። ተርጓሚ በዚህ ጊዜ ከምንጩ መውጣት ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም የሚለው በሙያችን የቆየ ክርክር ነው። ጸሐፊው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ «ዋግምት»፣ «መታሸት» እና «መርፌ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በወረቀቱ ላይ ጨምሯል፤ ተጠያቂነቱንም ይወስዳል።

የእንክብካቤው ስም የቀረን ነገር ነው። አሌርት በ1965 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ በስሙ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ መመለስን የሚያመለክት ነበር። ለዚህ አሳብ አማርኛ ሁለት ቃል ሰጠ። «ማቋቋም» በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስም ገብቶ ከድርቅ ጋር ተቈራኘ። «ተሐድሶ» ከግእዙ «ሐደሰ» ወጥቶ ለአካልም፣ ለሃይማኖትም፣ ለሠራዊትም፣ በቅርቡም ለፓርቲ ስላገለገለ፣ በወለንጪቲ ገበያ «ተሐድሶ ላይ ነው» ቢባል ሰሚው አስቀድሞ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። የጓዳው ቃል «ማገገም» ነው፤ ለጆሮም የሚስማማው እርሱ ነው። አንድ ነገር ግን አለበት። «አገገመ» ሲባል አደጋው አልፏል የሚል መንፈስ አለው፤ የመድማቱ ሥጋት ደግሞ መድኃኒቱ እስከሚወሰድ ድረስ አብሮ ይዘልቃል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «አገገመ» የሚለው ኃላፊ ግሥ ተሰርዞ፣ በየቦታው «በማገገም ላይ ያለ» ተብሏል።

ሁለተኛው እትም እንዲህ ሆነ፤ «ይህ መድኃኒት ደም በደም ሥር ውስጥ እንዳይጓጉል ይከላከላል። በሽታዎ የመጣው ደም ሥር ተዘግቶ እንጂ ደም ፈስሶ አይደለም፤ መድኃኒቱ ግን ሊያደማ ይችላል። መድማቱ ካልቆመ፣ ሰገራው ሬንጅ ከመሰለ፣ ወይም ራስ ምታትና ማስመለስ በድንገት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።» እናቲቱ ይህን ሲሰሙ ሌላ ጥያቄ አላነሡም፤ ልጃቸው «ሳይውሉ ሳያድሩ» የሚለውን ደግሞ እንዲያነብላቸው ብቻ አዘዙ።

ያልተቋጨ አንድ ስያሜ አለ። የተዘጋው የአንጎል ሥፍራ ራሱ ሲደማ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የሚሰጡት ስም መለወጥን ያመለክታል፤ ቃል በቃል ቢመለስ «ደማዊ ለውጥ» ይሆናል፤ ይህም ሰሚውን ከሕክምና ወደ ፖለቲካ ይወስደዋል። ከግእዝ «ድኅረ መዘጋት መድማት» ቢባል ለሊቃውንት ይበቃል፤ ለጓዳ ግን ይከብዳል። ለጊዜው «የተዘጋው ሥፍራ መድማት» የሚለው በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። እናቲቱ ትርጉሙን ሲጠየቁ፣ «ቦይ ተደፍኖ ቆይቶ፣ ውኃው ሲመለስ ዳሩን እንደሚንደው ነው?» አሉ። «መናድ» የሚለውን ግሥ ለዚህ ሥራ ማዋል ይቻል እንደሆነ የአንባቢያንን አስተያየት እንጠብቃለን።